ግራ ነው ቀኝ?

ሰሞኑን ጉሮሮ የታመመ ሰው ባለበት ሁሉ አንድ አዋቂ ብቅ ይላል። ትኩሳቱ 39 ገብቷል፣ ቶንሲሉ መግል ቋጥሯል፣ ውሃ እንኳ አልወርድ ብሏል። አዋቂያችን የሚጠይቀው ግን አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «በግራ ነው በቀኝ?»

እንዴት ያለ ጥበብ ነው! ሐኪሙ አፍ አስከፍቶ፣ በጥጥ ጠርጎ፣ ላቦራቶሪ ልኮ ይደክማል። ለሆሚዮፓቲ ወዳጆች፣ ማለትም እጅግ በቀጠነ መድኃኒት በሽታን እናድናለን ለሚሉት፣ አቅጣጫ ይበቃል። ከቀኝ ወደ ግራ ከሄደ ላይኮፖዲየም፣ ማለትም አንድ ዕፅ። ከግራ ከጀመረ ላከሲስ፣ ማለትም የእባብ መርዝ። ዛሬ ግራ ነገ ቀኝ እያለ የሚያምታታ ከሆነስ? የውሻ ወተት። አልቀለድኩም፤ ላክ ካኒነም ይሉታል።

በእባቡ እንዳትደነግጡ። መርዙ ውስጡ የለም። አንድ ጠብታ በ99 ጠብታ ውሃ ይበጠበጥና ይናጣል። ከዚያ አንድ ጠብታ ተወስዶ እንደገና በ99። ደግሞ ይናጣል። ደግሞ በ99። ደግሞ። 12ኛው ላይ ከመርዙ አንዲት ሞለኪውል መትረፏ ያጠራጥራል። ግን ማን ያቆማል? እስከ 30! ከ1 ኋላ 60 ዜሮ ደርድሩ፤ የቅጥነቱ ልክ ይኸው ነው። አንዲቷን ሞለኪውል ፍለጋ ውቅያኖስን ሁሉ ብትጨልጡ አታገኟትም። ያ ውሃ የስኳር ክኒን ላይ ጠብ ይደረግና ውሃውም ይተናል። ከዚያ አዋቂው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ኃይለኛ ነው፣ እንዳታበዙት» ይላል።

ጀርመናዊው ሐኪም ሳሙኤል ሃነማን የሆሚዮፓቲን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1796 ሲያወጣ ሐኪሞች የበሽተኛ ደም ያፈሱ ነበር። ያኔ ባዶ ውሃ እውነትም በረከት ነው።

ዛሬ ግን ፔኒሲሊን አለ! ጉሮሮ የሚያሳምመው ባክቴሪያ፣ ስትሬፕቶኮከስ፣ ግራና ቀኝ አያውቅም። ካልታከመ የሩማቲክ ትኩሳት ሊያስከትል፣ የልጅን የልብ ቫልቭ ዕድሜ ልኩን ሊያበላሽ ይችላል። ምራቁን መዋጥ አቅቶት ለሃጩ የሚዝረከረክ፣ ትንፋሽ ያጠረው ልጅ ታቅፎ «ቆይ፣ ላከሲሱ ይሥራ» ማለት አማራጭ ሕክምና አይደለም። ግፍ ነው።

ይቅርታ፣ ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። አብዛኛው የጉሮሮ ሕመም ከቫይረስ ነው፤ በሳምንት ገደማ በራሱ ይለቃል። ያኔ ክኒኗ ፈወሰች። ከባሰስ? «መድኃኒቱ መሥራት ሲጀምር ነው እንዲህ የሚያባብሰው።» ጭራሽ ካልተሻለ ጎኑን የተሳሳተው በሽተኛው ነው። ሐኪም ቤት ተወስዶ በአንቲባዮቲክ ሲነሳ ደግሞ፣ መንገዱን የጠረገለት ላከሲስ ነዋ!