የግድየለሾች ጽናት

ሰሞኑን አንድ ማለዳ፣ ሌሊቱን ሲወርድ ያደረ ዝናብ ጣሪያውን እየደበደበ ሳለ፣ ከቤት ከመውጣቴ በፊት እንደ ልማዴ የአካባቢያችንን ሬዲዮ ከፈትሁ። አቅራቢዋ እንቅልፍ በሚያስመጣ ለስላሳ አንደበት «ዛሬ ሰማዩ ጥርት ብሎ ይውላል» አለችኝ። በመስኮት ብመለከት ከጎረቤቴ አጥር ወዲያ የሚታይ ነገር አልነበረም። ሬዲዮን አምኖ ያደገ ሰው ግን ከዓይኑ ይልቅ ጆሮውን ያምናልና ጃንጥላዬን ትቼ ወጣሁ። ድልድዩን ውሃ እንደሸፈነው የነገረኝ ሬዲዮው ሳይሆን ድልድዩ ራሱ ነው። ከፊቴ ከቆሙት መኪኖች ኋላ ተሰልፌ ሳለሁም ጣቢያው ስለ ጥርት ያለው ሰማይ ሁለተኛ ጊዜ አበሰረኝ።

አንባቢዬ፣ ይህን የመሰለ ነገር በአንተ አልደረሰም ብለህ አትሞግተኝም። ስለዚህ በየሰው አፍ የሚመላለሰውን ወቀሳ እዚህ መድገም አያስፈልግም። ይልቁንም በየአካባቢው ሬዲዮ ጣቢያ ተሸሽገው ለሚያገለግሉትና እስከ ዛሬ ተገቢውን ክብር ላላገኙት ግድየለሾች ምስጋናዬን ማቅረብ እወዳለሁ።

ግድየለሽነትን ከስንፍና ጋር መቀላቀል ትልቅ በደል ነው። ሰነፍ ከሥራ ይቀራል፤ ከቀረም ቦታው ለሌላ ይተርፋል። ግድየለሹ ግን አይቀርም። በሰዓቱ ይመጣል፣ ይፈርማል፣ ወንበሩ ላይ ይደላደላል፣ የጆሮ ማዳመጫውን አንገቱ ላይ ያንጠለጥላል (ጆሮው ላይ ቢያደርገው መስማት ይከተላልና)፣ ማይክሮፎኑንም ከፍቶ ትናንት የተናገረውን ይናገራል። ከዓመት እስከ ዓመት አንድም ቀን በአዲስ ሐሳብ ሳይፈተኑ እንዲህ መዝለቅ ምን ያህል ጉልበት እንደሚጠይቅ የሞከረው ያውቀዋል። እኛ ተራ ሰዎች ስልክ ሲጮህ ሳናነሳው ብንቀር ቀኑን ሙሉ ሆዳችን ሲረበሽ ይውላል፤ እርሱ ግን ዓመታት ሙሉ ሲጮህበት ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ኖሯል።

የሬዲዮ ታሪክም ለእርሱ ሲባል የተደከመ ይመስላል። ከኤፍ ኤም በፊት የነበረው ሥርጭት ድምፅን የሚሸከመው የሞገዱን ጉልበት ከፍ ዝቅ በማድረግ ስለነበር መብረቁም የኤሌክትሪክ ብልጭታውም እየገባበት ይንጫጫ ነበር። ኤድዊን አርምስትሮንግ የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ ጉልበቱን ትቶ የሞገዱን ድግግሞሽ በመለዋወጥ ጫጫታውን አስወገደው፤ የፈጠራ መብቱንም እ.ኤ.አ. በ1933 አገኘ። የቀረ ዕድሜውን በፍርድ ቤት ከኩባንያ ጋር ሲሟገት ፈጅቶ የልፋቱን ፍሬ ሳያይ በ1954 ሞተ፤ ሙግቱን ተረክባ ከዳር ያደረሰችው ባለቤቱ ማሪዮን ናት። ይህ ሁሉ ፍዳ የታየው አንዲት ቃል ሳትዛባ ወደ አድማጭ እንድትደርስ ነበር። የእኛዎቹ ከአርምስትሮንግ አንድ እርምጃ አልፈዋል፤ እርሱ ያስወገደው ጫጫታውን ብቻ ሲሆን እነርሱ ቃሉንም ጨምረው አስወግደዋል። በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር የሚበርር፣ ቢታጠፍ ምድርን በአንድ ሰከንድ ከሰባት ጊዜ በላይ ሊዞር የሚችል ሞገድ ተሰጥቷቸው፣ ያለፈውን ሳምንት ወሬ ጭነው በስምንተኛው ቀን ያደርሱልናል።

ወደ ድልድዩ ልመለስ፤ ጉዳዩ ገና አላለቀም። ከአየር ጠባዩ ዜና በኋላ ውይይት ተጀመረ። ርእሱ የውሃ እጥረት ነበር። መኪናዬ እስከ ጎማዋ ወገብ ውሃ ውስጥ ቆማ እኔ ስለ ውሃ እጥረት እያዳመጥሁ ሳለሁ አቅራቢዋ «በቀጥታ ሥርጭት ላይ ነን፤ ስልካችን ክፍት ነው፤ አሁኑኑ ይደውሉልን» አለች። እኔም ከኋላዬ ያለው ሰው ሁሉ ወደዚህ ከመንዳቱ በፊት ቢሰማ ይበጀዋል ብዬ ደወልሁ። ስልኩ ረዘም ላለ ጊዜ ጮኸ። በመጨረሻ አንድ የሽማግሌ ድምፅ «አቤት» አለኝ።

«አየር ላይ ነኝ?» ስል ጠየቅሁ።

«አይ ልጄ፣ በር ላይ ነህ» አሉኝ። «እኔ ጥበቃው ነኝ።»

እንደ ነገሩኝ ከሆነ በግቢው ውስጥ ከእርሳቸውና ከማሠራጫው በቀር ማንም አልነበረም። ስልኩ በባዶ ክፍል ሲጮህ ዝም ማለት ስለ ከበዳቸው ወደ በሩ እንዲዞርላቸው አንዱን ቴክኒሺያን ለምነው አስዞሩት። እኔ የምሰማው ቀጥታ ሥርጭት ባለፈው ሰሞን የተላለፈ ቀጥታ ሥርጭት ነው፤ ኮምፒዩተሩ በሰዓቱ ራሱን ከፍቶ ያጫውተዋል። ይህን ሲያስረዱኝ አቅራቢዋ በመኪናዬ ሬዲዮ «መስመር ላይ አድማጭ አለን፤ ሃሎ፣ ማን እንበል?» አለች። ልማድ ክፉ ነውና ስሜን ተናገርሁ። «ድምፅዎ ይቆራረጣል፤ እባክዎ ሬዲዮዎን ይቀንሱልን» አለች። ቀነስሁ። እግዜር ያሳያችሁ፤ አንድ ጎልማሳ፣ ጎርፍ መካከል ተቀምጦ፣ ካለፈው ሰሞን ለተላለፈ ትእዛዝ ይታዘዛል። ይባስ ብሎ «አሁን ጥሩ ይሰማል፤ እናመሰግናለን» ስትለኝ ደስ አለኝ።

«አትቀንስ ልጄ፣ አንተን አይደለም» አሉኝ ሽማግሌው። «ትናንት አንዲት እናት እንደዚሁ ለግማሽ ሰዓት ያህል ሲመልሱላት ነበር። ‹ጥያቄዎ ግልጽ አይደለም› ስትላቸው አለቀሱ።»

ከዚያ ጉዳዬን ጠየቁኝ። ድልድዩን ውሃ እንደሸፈነው ነገርኋቸው። «ቆይ ልጻፈው» አሉ። ሌላ ወረቀት ስላልነበራቸው የእንግዳ መዝገቡን ገልጠው እየደገሙ ጻፉት። በ«ስም» ሥር፦ ድልድዩ። በ«የመጣበት ጉዳይ» ሥር፦ ውሃ ሸፍኖታል። በ«የገባበት ሰዓት» ሥር፦ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ገደማ። «የወጣበት ሰዓት» የሚለውን ባዶ ተዉትና «ሲመጡ አሳያቸዋለሁ» አሉኝ።

በዚያ መዝገብ ላይ የሰፈረው አንድ መስመር በዚያ ማለዳ ጣቢያው የሠራው ብቸኛ ዜና ነው። አንድ ሰው ስለ ጉዳዩ ጠይቋል፣ ምንጩን አዳምጧል፣ ቦታውንና ሰዓቱን መዝግቧል። ሙያው ከዚህ የተለየ ምሥጢር እንዳለው ለሚነግሩን ባለ ዲፕሎማዎች ሽማግሌው አንድ ሁለት ቀን ቢያስተምሯቸው አይከፋም።

እዚያው ድልድዩ ጫፍ ላይ አንድ አዛውንት በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ሬዲዮ ጆሮአቸው ላይ ለጥፈው ቆመው ነበር። ውሃው መቼ እንደሚጎድል፣ በላይኛው መንገድ መዞር ይቻል እንደሆነ የሚነግራቸው ሰው እየጠበቁ ነው። መብራት ሲጠፋ፣ የስልክ ኔትወርክ ሲቋረጥ፣ ማንበብ ለማይችለውም ዓይኑን ላጣውም እኩል የሚደርስ ከዚያች ሳጥን ሌላ ምን አለ? ያን ሰው ስለ ውሃ እጥረት በተቀዳ ጨዋታ ደጅ ማስጠናት ነውር ነው። ውሃው ድጋሚ ሥርጭት አልነበረም። ሬዲዮውን አምኖ እግሩን የሚያስገባ ሰው ቢወሰድ «በአየር ጠባይ መዛባት ምክንያት» ተብሎ በማግሥቱ የሚነበብለት የሐዘን መግለጫም ያው ቀድሞ የተቀዳው እንደሚሆን አልጠራጠርም።

ይህን ለአንዱ የጣቢያ ሰው ብነግረው የሚመልስልኝን አውቃለሁ፤ «አታካብድ፤ ማን ያዳምጣል ብለህ ነው?» ይለኛል። ይህች ጥያቄ የግድየለሾች ሁሉ መዝሙር ናት። ውበቷም ዙሪት መሆኗ ነው፤ ማንም አያዳምጥምና አይዘጋጅም፤ አይዘጋጅምና ማንም አያዳምጥም። በዚህ ዙሪት ሙሉ የጡረታ ዘመን ድረስ መድረስ ይቻላል።

ለቦሊቪያ ማዕድን ቆፋሪዎች አዝናለሁ፤ ይህን ጥበብ የሚነግራቸው አላገኙም። እነዚያ ምስኪኖች ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ከዕለት ደመወዛቸው እየቆረጡ የራሳቸውን ሬዲዮ ጣቢያዎች አቋቋሙ። ወታደር እየገባ ሲሰባብርባቸው መልሰው ይተክሏቸው ነበር። በ1980 መፈንቅለ መንግሥት በተደረገ ጊዜም ጣቢያዎቹ እርስ በርስ ተያይዘው፣ ወታደሩ አንድ በአንድ ዝም እስኪያሰኛቸው ድረስ የሆነውን ሁሉ ለሕዝባቸው ዘገቡ። ከእኛዎቹ አንዱ በዚያ ቢገኝ ኖሮ ትከሻቸውን መታ መታ አድርጎ «ወንድሞቼ፣ ሙዚቃ ልቀቁበትና ሂዱ» ባላቸው፣ ጣቢያውም እስከ ዛሬ በሰላም በዘለቀ ነበር።

በእርግጥ በየጣቢያው አንድ ሁለት የቦሊቪያ ዓይነት በሽተኞች አይጠፉም። ስልኩን ወደ በሩ ያዞረው ቴክኒሺያን ከእነዚህ አንዱ ሳይሆን አይቀርም፤ ከቅጥሩ ውጭ የሆነን ሥራ ያለ ደብዳቤ መሥራት የዚህ ሕመም ዋና ምልክት ነው። እንዲህ ያለው ሰው የድምፅ ማቀላቀያውን (የሚክሰሩን) የሞተ ቁልፍ በራሱ ብየዳ ያስነሣዋል፣ በዝናብ ሌሊት ማሠራጫው እንዳይጠፋ ጄኔሬተሩ ሥር ያድራል። ዘጋቢዋም ትኖራለች፤ መቅረጸ ድምፅዋን በፌስታል ጠቅልላ፣ በእግሯ ሄዳ፣ የሰባት ደቂቃ ዘገባ ይዛ ትመጣለች፤ «አየር ሰዓቱ ተይዟል» ይሏታል። የያዘው ድጋሚው ነው። ጽናት ከጽናት ጋር ሲጋጭ ማን እንደሚያሸንፍ መናገር አያስፈልግም፤ የእርሷ ጽናት ይራባል፣ ይደክማል፣ የቤት ኪራይም ይከፍላል፤ የግድየለሹ ጽናት ግን ምንም ስለማያወጣ አያልቅም። ባልደረቦቿ «ገና ልጅ ናት፤ ይለቃታል» ይላሉ፤ የሚለቃትም ትኩሳት እንደሆነ ያህል ነው።

ዩኔስኮ በ2011 ባጸደቀው መሠረት በየካቲት ወር የመጀመሪያ ሳምንት፣ በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 13፣ የዓለም የሬዲዮ ቀን ይከበራል። የአካባቢያችን ጣቢያም ያከብረዋል፤ የአምናውን የሬዲዮ ቀን ፕሮግራም መልሶ በማስተላለፍ። «ሬዲዮ ከሕዝብ ጋር በቀጥታ የሚነጋገር መገናኛ ነው» የሚለው የመክፈቻ ንግግር አሁን በቃሌ ሆኗል።

በሦስተኛው ቀን ለእርሳቸው ስል ደግሜ ደወልሁ። ሽማግሌው ድምፄን ወዲያው ለዩኝ። መዝገቡን አሳይተው ነበር። አቅራቢዋ አንብባ «ፕሮግራማችን እኮ ስለ እጥረት ነው» አለች፤ አስተዳደሩ ደግሞ በእንግዳ መዝገብ ላይ እንግዳ ያልሆነ ነገር በመጻፋቸው በቃል አስጠነቀቃቸው፤ ከዚህም በላይ መስመሩ ሳይሟላ የተተወ መሆኑ በጉድለት ተይዞባቸዋል።

«ስለዚህ ልጄ» አሉኝ እስክሪብቶ ሲፈልጉ እየተሰማኝ፣ «ድልድዩ ስንት ሰዓት ላይ ወጣ ልበል?»