ከመስጠታችን በፊት «የማን ልጅ ነው?» ለምንል

ወገኖቼ፣ ለተቸገረ ሰው እጃችንን ከመዘርጋታችን በፊት የምንጠይቀውን ታውቁታላችሁ። «የማን ልጅ ነው? የየት አገር ሰው ነው?» መልሱ ካልጣመን ኪሳችንን እንዘጋለን። በእሳት ቤቱ የተቃጠለበትን ሰው ሳይቀር በዘሩና በሃይማኖቱ እንመዝነዋለን። ይህ ነውር ነው። ነውር መሆኑን ደግሞ የአንድ ባዕድ ሰው ሕይወት ያሳየናል።

ጆርጅ ፒቦዲ እ.ኤ.አ. በ1795 በአሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ ግዛት፣ ዛሬ በስሙ በሚጠራው ከተማ፣ ከድሃ ቤት ተወለደ። በ11 ዓመቱ ትምህርቱን ትቶ ሱቅ ውስጥ ተቀጠረ። በኋላ በባልቲሞር ነገደ፤ በ1837 ለንደን ገብቶም ታላቅ የባንክ ሰው ሆነ።

በ1861 መጨረሻ እንግሊዝና አሜሪካ በባሕር ላይ በተፈጠረ ግጭት ለጦርነት ተቃርበው ነበር። ቂሙ ገና ሳይበርድ፣ በመጋቢት 1862 ፒቦዲ ለለንደን ድሆች መኖሪያ ቤት ማሠሪያ 150 ሺህ ፓውንድ ሰጠ። እየጨመረ ስጦታውን 500 ሺህ አደረሰው። ተጠቃሚው በለንደን የተወለደ ወይም ኑሮውን እዚያ የመሠረተ ድሃ ይሁን እንጂ፣ ሃይማኖትና ፖለቲካ በምርጫው እንዳይገቡ በጽሑፍ ከለከለ። የመጀመሪያው ሕንጻ በ1864 በስፒታልፊልድስ ተከፈተ። ድርጅቱ ዛሬም ለንደን ውስጥ ቤት ያከራያል። ንግሥት ቪክቶሪያ የባላባትነት ማዕረግ ልትሰጠው ብትፈልግ አልተቀበለም።

የአገሩ የእርስ በርስ ጦርነት በ1865 አበቃ። ፒቦዲ የሰሜን ሰው ነው፤ ደቡቡ ከሰሜኑ ጋር ሲዋጋ የነበረ ነው። እርሱ ግን በ1867 ለዚያው በጦርነቱ ለደቀቀው ደቡብ ትምህርት አንድ ሚሊዮን ዶላር መደበ። በደብዳቤውም ስጦታው ከችግራቸው በቀር ሌላ ልዩነት ሳይደረግ ለሕዝቡ ሁሉ እንዲዳረስ አዘዘ።

እዚህ ላይ ልቤ ያዝናል። ገንዘቡን እንዲያስተዳድሩ የተሾሙት ሰዎች ለጥቁር ልጆች ትምህርት ቤቶች የመደቡት ለነጮቹ ከመደቡት ያነሰ ነበር፤ ጥቁርና ነጭ ልጅ አብሮ የሚማርበትን ትምህርት ቤትም አልደገፉም። ሰጪው ሁሉን ቢያስብም አከፋፋዩ መረጠ። ፒቦዲ በ1869 ሞተ፤ የቀረው የሌሎች እጅ ነበር።

ስለዚህ የምገሥጸው ስስታሙን ብቻ አይደለም። አዋጥተን ዘወር የምንለውንም ሁላችንን ነው። ገንዘቡን ለኮሚቴ አስረክበን፣ ፎቶ ተነሥተን፣ ለማን እንደደረሰ ሳንጠይቅ እንቀራለን፤ አድልዎም የሚገባው በዚያች ክፍተት ነው። ከእንግዲህ ስታዋጡ የአከፋፈሉን ደንብ በጽሑፍ ጠይቁ። ዓመት ሲሞላም ኮሚቴውን በጉባኤ ፊት አቁማችሁ ማን እንደተረዳ ብቻ ሳይሆን፣ ማን እንደተዘለለና ለምን እንደተዘለለ እንዲያስረዳ አድርጉ።