መዥገር ስለበዛ ሁሉም ይጠግባል ማለት አይደለም

«ላም ላይ 10 እጥፍ የመዥገር እጭ ከወጣ፣ 10 እጥፍ የጠገበ መዥገር ይወርዳል» የሚለው አስተያየት እርማት ይፈልጋል። ላሟ ዝም ብላ የቀረበች ገበታ አይደለችም! በአውስትራሊያ የከብት መዥገር ላይ በደንብ እንደታየው፣ አብዛኛው እጭ የሚያልቀው ላሟ ላይ በወጣ በመጀመሪያው ቀን ገደማ ነው። እጮቹ ሲበዙ ቆዳዋ ይቆጣል፣ ያሳክካታል፣ ትልሳለች፤ ብዙዎቹ በምላሷ ይጠረጋሉ። ቀድሞ የተነከሰች ላም ደግሞ ሰውነቷ የመዥገሮቹን ምራቅ ለይቶ ያውቅና ይከላከላል። ሻኛ ያላቸው ዝርያዎች በዚህ ይበልጣሉ። ስለዚህ የሚተርፈው ድርሻ ብዙ ጊዜ ይቀንሳል። ድርሻው ነው ያልኩት፤ ጠቅላላ ቁጥሩማ ሊጨምር ይችላል። በከሳች ወይም ራሷን መላስ ባቃታት ላም ላይ ግን ይህ መከላከያ ይላላል። አንዲት የጠገበች መዥገር ከ2000 በላይ እንቁላል ስለምትጥል፣ «በዝተው ራሳቸው ያልቃሉ» ብሎ መተውም አያዋጣም።