90 በመቶ? ማን መዝኖት?

ጎጃም ውስጥ ስለ ማዕድን ሲወራ ቀድሞ የሚነሳው የሥራ ዕድል ነው። የደጀን የኖራ ድንጋይ ሲሚንቶ ሆኗል። ድሮ በጎጃም ክፍለ ሀገር ሥር በነበረው መተከል ደግሞ ወርቅ ይታጠባል። ነገ ትልቅ የወርቅ ማጣሪያ ፋብሪካ ቢተከልስ? ደስ ይለኛል። ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል። ባለፋብሪካው «ድንጋዩ ውስጥ ካለው ወርቅ 90 በመቶውን አወጣለሁ» ሲል ማን መዝኖት ነው?

በቶን 2 ግራም ወርቅ ያለው ድንጋይ ገባ እንበል። በሚደፋው ዝቃጭ ውስጥ በቶን 0.2 ግራም ከቀረ፣ እውነትም 90 በመቶው ወጥቷል። በደንብ ሲለካ 0.3 ሆኖ ቢገኝስ? 85 በመቶ ነው። ልዩነቷ የግራም አንድ አሥረኛ ናት። በቀን 1,000 ቶን ለሚፈጭ ፋብሪካ ግን በየቀኑ 100 ግራም፣ ዓመቱን ሙሉ ከሠራ 36 ኪሎ ተኩል ወርቅ ነው። ከዝቃጩ ጋር ስለተደፋ ሮያሊቲ (ለመንግሥት የሚገባው የማዕድን ድርሻ) አይከፈልበትም፤ ጠፋ የሚልም የለም።

ጣጣው ብዙ ጊዜ ከላቦራቶሪው በፊት፣ ለምርመራ የሚወሰደው ናሙና ላይ ነው። ቢቸና ገበያ ጤፍ የሚገዛ ሰው የጆንያውን አፍ ብቻ አይቶ ብር አይቆጥርም፤ እጁን ከትቶ ከሥር ይዘግናል። ፋብሪካ ውስጥ ግን ሠራተኛው ከማጓጓዣ ቀበቶው ጠርዝ በአካፋ ያገኘውን አንስቶ ይልካል። ደቃቁና ሻካራው ቀበቶው ላይ እኩል አይደባለቁም። ፈረንሳዊው የናሙና አወሳሰድ ተመራማሪ ፒየር ዢ ከ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሒሳብ ያሳየው ይህንኑ ነው፤ እያንዳንዱ ቅንጣት የመመረጥ እኩል ዕድል ከሌለው ናሙናው አይታመንም። ስለዚህ ናሙና መቁረጫው ከቀበቶው ጫፍ የሚወርደውን ሁሉ ከዳር እስከ ዳር፣ በእኩል ፍጥነት ማቋረጥ አለበት። አፉም ከትልቁ ጠጠር ቢያንስ ሦስት እጥፍ ይስፋ፤ ከጠበበ ትልልቁ እየነጠረ ይቀራል።

ክረምቱም አለ። ሐምሌ ላይ የራሰ ድንጋይ 8 በመቶ ውሃ ከያዘ፣ ሚዛኑ 1,000 ቶን ሲል ደረቁ 920 ነው። ይህን ያልቀነሰ ሰው 80 ቶን ውሃ እንደ ማዕድን ቆጥሯል።

በእኔ እምነት ፈቃድ ሲሰጥ ይህ ሁሉ ውሉ ላይ ይግባ። የገባው ወርቅ በየወሩ ከወጣው፣ ከተደፋውና ታንክ ውስጥ ከቀረው ድምር ጋር ይተያይ፤ ልዩነቱም ይጻፍ። ምንም ልዩነት የሌለው ሪፖርት ካየሁ ይብሱን እጠረጥራለሁ፤ አንድ ሰው ቢሮ ቁጭ ብሎ አስተካክሎታል ማለት ነው። በቀበቶው የሚያልፈውን ድንጋይ የሚመዝነውን ሚዛን የፋብሪካው ባለቤት ሳይሆን ሌላ ሰው ይፈትሸው። የናሙናው ግማሽም ታሽጎ ይቀመጥ፤ ክርክር ሲነሳ ሌላ ላቦራቶሪ ይመርምረው።