እፍኝ ሙሉ ሕክምና

በየካ አባዶ የጋራ መኖሪያ ቤቶች የሚኖር ሰው ሐኪም አጣሁ ብሎ ቢያማርር ጥፋቱ የራሱ ነው፤ አንድ ጊዜ ማሳል ብቻ ይበቃው ነበር። ታክሲ ተራ ላይ ቢያስል ከፊቱ የተሰለፈው ሰው ፌጦ በሎሚ ያዝለታል፤ ከኋላው ያሉት እናት ደግሞ ፌጦ ጨጓራ ይልጣልና በማር የተለወሰ ጥቁር አዝሙድ ይሻላል ብለው ይሟገታሉ፤ ረዳቱም ሒሳብ እየሰበሰበ የባሕር ዛፍ ቅጠል ቀቅሎ እንደ መታጠን ያለ ነገር እንደሌለ የመጨረሻውን ውሳኔ ይሰጣል። አባቶቻችን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ያሉት የእኛን ዘመን ሳያዩ ስላለፉ ነው። ዛሬ በሽታው ሳይነገር፣ አንዳንዴም ገና ሳይመጣ፣ መድኃኒቱ ቀድሞ ይደርሳል።

የእነዚህን ሐኪሞች ትሕትና ያላደነቀ ሰው ጤና ጣቢያ ሄዶ የማያውቅ መሆን አለበት። በዚያ ካርድ አውጣ፣ ተራ ጠብቅ፣ ደም ስጥ፣ ሰገራ አምጣ ይባላል። እዚህ ግን ደረጃ ስንወጣ የተገናኘን ጎረቤት ዓይናችንን አየት ያደርግና «ቢጫ ሆኗል፤ የወፍ በሽታ ነው» ብሎ ይገላግለናል። የዓይን ቢጫነት ጉበት ወይም የሐሞት ቧንቧ መታመሙን፣ አለዚያም የደም ችግር መኖሩን ሊያመለክት የሚችልና የትኛው እንደሆነ በምርመራ የሚለይ ምልክት ነው የሚሉ አሉ፤ ሦስተኛ ፎቅ ሳይደርሱ ምርመራውን የሚጨርስ ሰው ስላላጋጠማቸው ይሆናል።

የመንደሩ ዋና ፋርማሲ በረንዳ ላይ ነው። በተቆረጠ የዘይት ጀሪካን የበቀለች አንዲት ዳማከሴ አንድ ሙሉ ብሎክ ታክማለች። ከንፈሩ ላይ ውኃ የቋጠረ ሰው ብቅ ሲል ባለቤቲቱ ቅጠሉን ቀንጥሳ በመዳፎቿ መካከል ታሸዋለች፤ ጥቁር አረንጓዴ ጭማቂው በጣቶቿ መሐል መውረድ ሲጀምር ግማሹን ትኩስ ቡና ላይ ትጨምቅለታለች፣ ጥቂቱን በአፍንጫው እንዲስበው ታደርጋለች፣ የተረፈውንም ግንባሩ ላይ ታሽለታለች። ሽታውን እኔም እወደዋለሁ፤ ቡናውንም እምቢ ብዬ አላውቅም። ምች የሚመታው ላቡ ሳይደርቅ ወይም ከምድጃ ተነሥቶ በቀጥታ ፀሐይ ላይ የወጣውን ሰው መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ሐኪሞች ግን ያ የከንፈር ቁስል ኸርፐስ በሚባል ቫይረስ የሚመጣ እንደሆነና አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ በራሱ እንደሚደርቅ ይናገራሉ። የእኛዋ ዳማከሴ በአሥር ቀን ታድነዋለች። ልዩነቱ ግልጽ ነው፤ በራሱ የዳነ ሰው የሚያመሰግነው ጎረቤት የለውም።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን የመጠን አለካካቸው ነው። ስንት ልጠጣ ብሎ የጠየቀ ሰው «ትንሽ»፣ «ደኅና አድርገህ»፣ ሲከፋም «እፍኝ» የሚል ጥርት ያለ መልስ ያገኛል። የግንበኛ እፍኝና የሕፃን እፍኝ እኩል አይደለም ብሎ የሚከራከር ቢገኝ እምነት የጎደለው ተብሎ ይታለፋል። የጥንቶቹ ሥር ማሽ ቅጠል በጣሾች በዚህ ረገድ ኋላ ቀር ነበሩ። ረቡዕና ዓርብን ጠብቀው፣ ወፍ ሳይንጫጫ፣ ከሰው ጋር ሳይነጋገሩ ይቆርጡ ነበር፤ ጥላቸው እንዳያርፍበት ይጠነቀቁ ነበር፤ የቅጠሉንም ስም ከመረጡት ልጅ በቀር ለማንም አይገልጡም ነበር። ይህ ሁሉ ሥርዓት ሌላ ምንም ባይጠቅም ቅጠሉ ባልሠለጠነ እጅ እንዳይገባ ጠብቆታል። ኮሶ የሚጠጣውም ቢሆን ሕግ ነበረበት፤ የደረቀው አበባ ተወቅጦና በውኃ ተበጥብጦ በማለዳ በባዶ ሆድ ይጠጣል፣ ጠጪውም ጥሬ ሥጋ ያመጣበት ትል እስኪወጣ ድረስ ከቤቱ አይርቅም። ኮሶ ሲበዛ ዓይን እስከ ማጥፋት የሚደርስ ነገር ነውና መጠንቀቃቸው አይፈረድበትም፤ «እፍኝ» ገና አልተፈለሰፈም ነበር።

በዚህ ሚዛን ሲታዩ ደግሞ ተመራማሪው ዶክተር አክሊሉ ለማ እጅግ ያሳዝናሉ። እ.ኤ.አ. በ1964 በዐድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። እነዚያ ቀንድ አውጣዎች የቢልሃርዝያ በሽታ ተሸካሚዎች በመሆናቸው ግኝቱ ታላቅ ነበር። ሰውየው ግን የየካ አባዶን ወኔ ስላልታደሉ፣ ምን ያህል እንዶድ በምን ያህል ውኃ ቀንድ አውጣውን እንደሚገድልና ሰውንም እንደማይጎዳ እናጣራ ብለው ከባልደረቦቻቸው ጋር ዓመታት ፈጁ። ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ሽልማት የተቀበሉት በ1989 ነው፤ ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ጎረቤታችን ቢሆን ኖሮ በዚያው ምሽት «ለትል፣ ለስኳር፣ ለግፊት፣ ለመካንነት፤ ለሌሎችም አጋሩ» ብሎ በቴሌግራም ይለቅቅልን ነበር።

ለምን ይጠንቀቅ? ተፈጥሮ ነው፤ ኬሚካል የለበትም። ጤና አዳም ተፈጥሮ ነው፤ በቡና ላይ አንድ ቅርንጫፍ ጣል ሲደረግበት ያምራል፣ ነፍሰ ጡር ሴት በብዛት ስትጠጣው ፅንስ ሊያስወርዳት ይችላል፣ ጭማቂውን ተቀብቶ ፀሐይ ላይ የቆመውንም ቆዳውን ይልጠዋል። እዚያው ቆሻሻ መጣያው አጠገብ ያለ ጠባቂ የበቀለው አስተናግር እንዲሁ ተፈጥሮ ነው፤ የበላውን ሰው ከማይታዩ ሰዎች ጋር ያጨዋውተዋል፣ ሲብስም ይገድላል።

የእኛ ታካሚም በበኩሉ ጨዋ ነው፤ ሐኪሙን ከሌላ ሐኪም ጋር አያጣላም። የደም ግፊት ኪኒኑን «ኩላሊት ይጎዳል» ስለተባለ አቁሞ፣ ጠዋት ነጭ ሽንኩርት፣ ማታ የሽፈራው ሻይ ሲወስድ ይሰነብትና ራሱን ሲያዞረው ጤና ጣቢያ ይሄዳል። ዶክተሯ «አባቴ፣ ሌላ የሚወስዱት ነገር አለ?» ብላ ስትጠይቀው «ኧረ ምንም፣ ልጄ» ይላል፤ የነጭ ሽንኩርቱ ሽታ ግን ከእርሱ ቀድሞ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። ኪኒኑን ማቆሙንም አይነግራትም፤ እርሷም ኪኒኑ አልሠራም ብላ መጠኑን ትጨምርለታለች።

ያም ሆኖ ቅጠሉ ስቶ አያውቅም። ታካሚው ካልተሻለው ሲጠጣ ሰው አይቶት ነው፤ ወይም ቅጠሉ የተቆረጠው ረፋድ ላይ ነው፤ ወይም ሳያምን ነው የጠጣው። ሆስፒታል ተኝቶ፣ ግሉኮስ ተሰክቶለት፣ በሳምንቱ ድኖ የተመለሰ እንደሆነ ደግሞ ጎረቤቶቹ ብርቱካን ይዘው ሊጠይቁት ይመጣሉ፤ ያዘዘለትም ሰው ከሁሉ ቀድሞ «አላልኩህም? ያ ቅጠል ሲሠራ ቀስ ብሎ ነው» ይለዋል።