ውሉ ተመዘገበ፤ ቤቱን ግን ማን አየው?

በነሐሴ 2011 ዓ.ም. በዋሽንግተን ዲሲ፣ ኬኔዲ ጎዳና ላይ አንድ ቤት ተቃጥሎ ሁለት ሰዎች ሞቱ። አንዱ የ9 ዓመት ልጅ ነበር። ሁለቱም የእኛው ሰዎች ናቸው። ቤቱ ተሸንሽኖ በየክፍሉ የሚከራይ፣ መተላለፊያው ጠባብ፣ በሩ በብረት ፍርግርግ የታጠረ ነበር፤ የማከራየት ፈቃድም አልነበረውም። እኔን እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። እሳቱ ከመነሣቱ አምስት ወር ገደማ ቀደም ብሎ፣ ለሌላ ጉዳይ ወደዚያ የሄደ ፖሊስ አደጋውን በዓይኑ አይቶ ለከተማው አስተዳደር ጽፎ አሳውቆ ነበር። ተቆጣጣሪ ተላከ፣ በሩን አንኳኳ፣ የሚከፍትለት አጣ፤ ጉዳዩ ተዘጋ። ሰዎቹ እዚያው ውስጥ እየኖሩ!

ፈቃድ የሚሉት ነገር ዋጋ የሚኖረው ሰው ገብቶ ሲያይ ብቻ ነው። እኔ በምኖርበት በአሜሪካ ሜሪላንድ ግዛት፣ ሞንትጎመሪ ካውንቲ በሚባለው የአካባቢ አስተዳደር፣ ቤት የሚያከራይ ሁሉ ፈቃድ ማውጣት አለበት። አንድ ቀን ተቆጣጣሪዋ ቤታችን መጥታ የጭስ ማስጠንቀቂያውን ሞከረች፣ ምድጃውን አየች፣ የልጆቹን መኝታ ቤት መስኮት ልትከፍት ብትታገል እምቢ አላት። ስለዚያ መስኮት አከራዩን ስለምን ከርሜያለሁ፤ መልሱ ሁልጊዜ «እሺ፣ እናያለን» ነበር። የእርሷ ደብዳቤ ሲደርሰው ግን ወዲያው ሠራተኛ ላከ። እሳት ቢነሣ ልጆቼ የሚያመልጡበት መስኮት እኮ ነው! የእናት ልመና ያላንቀሳቀሰውን ሰው የመንግሥት ወረቀት አንቀሳቀሰው።

ወደ አገር ቤት ልምጣ። የቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውል በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ አዟል። ተከራይን በየወሩ ከሚያሳቅቀው ጭማሪ የሚያሳርፍ ነውና ደስ ብሎኛል። እኅቴም ውሏን ወረዳ ሄዳ አስመዝግባለች። ኪራዩ ስንት እንደሆነ ጠይቀዋታል፤ ክፍሏ መስኮት እንዳለው የጠየቃት ግን የለም። የላትም። የምትኖረው ግቢ ውስጥ ባለች ሰርቪስ ቤት ነው፤ መብራቱ ከዋናው ቤት በተንጠለጠለ ሽቦ ይመጣል። በክረምት መብራት ሲጠፋ ከሰል ታስገባለች። ከሰል በተዘጋ ክፍል ምን እንደሚያደርግ ሁላችንም እናውቃለን፤ በዚሁ ሰበብ ጎረቤት ያልቀበረ የለም።

ቁጥጥር ከመጣ ኪራይ ይጨምራል፣ ቤቱም ታሽጎ ተከራዩ ሜዳ ላይ ይወድቃል የሚሉ አሉ። ሥጋቱ እውነተኛ ነው። ስለዚህ ትእዛዙ መድረስ ያለበት ለአከራዩ ነው፦ በዚህ ቀን ውስጥ መስኮት አውጣ፣ ሽቦውን አስተካክል፣ ተከራይህን ግን አትንካ። ወረዳ ይህን ሁሉ ቤት የሚያዳርስ ሰው ከየት ያመጣል ለሚሉም የአሜሪካዋን ከተማ የሚኒያፖሊስን አሠራር ልጥቀስ። የሚከራዩ ቤቶችን በሦስት ደረጃ መድባ ደኅናውን በ8 ዓመት አንዴ፣ ችግር የበዛበትን በየዓመቱ ትፈትሻለች። ከሰርቪስ ቤቶችና ከተሸነሸኑ ቤቶች መጀመር ይቻላል።

ደግሞ እዚህ ተቀምጠን አዲስ አበባ ላይ ቤት የምናከራይ ብዙ ነን። እዚህ ቧንቧ ሲያንጠባጥብ ለካውንቲው የሚደውል ሰው፣ እዚያ ያከራየውን ቤት ቆጣሪና ሽቦ በዓይኑ ሳያይ ዓመታት ያልፋሉ። ኪራዩ ባንክ መግባቱን ብቻ አትጠይቁ። ተከራዮቻችሁ ጋ ራሳችሁ ደውሉ፤ ከደላላው ሳይሆን ከእነርሱ አፍ ስሙ።