የፕሮዳክት ማናጀር አሠራር የጠባይ ጉዳይ ብቻ አይደለም

የሶፍትዌር ምርት በሚሠራባቸው ድርጅቶች ውስጥ ፕሮዳክት ማናጀር የሚባለው ባለሙያ ምን እንደሚሠራ፣ ለማን እንደሚሠራና የትኛው እንደሚቀድም የመወሰን ኃላፊነት ይጣልበታል። ይህ ሰው ሥራውን እንዴት ቢሠራ ይሻላል በሚለው ላይ ግን ክርክሩ አያልቅም። አንዱ ረጅም ሰነድ ካልጻፈ ሐሳቡ የጠራ አይመስለውም፤ ሌላው ቀኑን ሙሉ ከመሐንዲሶችና ከዲዛይነሮች ጋር ሲነጋገር ይውላል፤ አንዱ የምርቱ አኃዞች ተሰብስበው የሚታዩበትን ዳሽቦርድ ሳያይ አፉን አይከፍትም፤ ሌላው ደግሞ ተጠቃሚው ዘንድ ካልሄደ አወቅሁ አይልም። ክርክሩ ብዙውን ጊዜ የሚዘጋው «ሁሉም እንደ ጠባዩ ይሠራል» በሚል ማስታረቂያ ነው። ማስታረቂያው ጨዋነት አለው፤ ልክ ነው ግን አልልም። አሠራር መመዘን ያለበት በሠሪው ጠባይ ሳይሆን፣ በዚያ ሰዓት ስለ ምርቱ ገና ያልታወቀው ነገር ምን እንደሆነ በማየት ነው።

የሙያው አመጣጥ ራሱ ይህን ያስታውሳል። እ.ኤ.አ. በ1931 በፕሮክተር ኤንድ ጋምብል ኩባንያ የካሜይ ሳሙናን ማስታወቂያ ይሠራ የነበረው ኒል ማክኤልሮይ፣ እያንዳንዱ የምርት ስም የራሱ ኃላፊዎች እንዲመደቡለት የሚጠይቅ ማስታወሻ ለአለቆቹ ጻፈ። ብዙዎች የዛሬውን የፕሮዳክት ማናጀር ሙያ የዘር ሐረግ የሚቆጥሩት ከዚህ ማስታወሻ ነው። ጸሐፊው በኋላ የኩባንያው ፕሬዚዳንት፣ ከ1957 እስከ 1959 ደግሞ የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስትር መሆኑን በጨዋታ መሐል የሚያነሱት አሉ፤ እኔን የሚገርመኝ ግን ማስታወሻው የዘረዘረው የሥራ ቅደም ተከተል ነው። ኃላፊው ሽያጩ የት እንደበረታና የት እንደደከመ በአኃዝ ይመረምራል፤ በደከመበት አካባቢ ራሱ ሄዶ ሻጩንም ገዢውንም ያያል፤ ከዚያ ችግሩን የሚፈታ ዕቅድ በዝርዝር ያዘጋጃል። ዛሬ «የቁጥር ሰው»፣ «የመስክ ሰው»፣ «የጽሑፍ ሰው» እያልን ለሦስት የከፈልነው፣ ያኔ የአንድ ሰው የተለያዩ ቀናት ሥራ ነበር።

የቁጥር ሰው የሚያምርበት ምርቱ ብዙ ተጠቃሚ ካገኘና ጥያቄው ከጠበበ በኋላ ነው። ሰዎች ምዝገባውን የሚያቋርጡት የትኛው ገጽ ላይ ሲደርሱ እንደሆነ፣ ከሁለት አማራጮችም የትኛው ብዙ ሰው እንደሚያስጨርስ በልኬትና በኤ/ቢ ቴስት (ሁለቱን አማራጮች ለተለያዩ ተጠቃሚዎች አሳይቶ ውጤቱን በማወዳደር) በጥቂት ቀናት ውስጥ ይታወቃል፤ እዚህ ላይ ለሰዓታት ስብሰባ ተቀምጦ መከራከር ከንቱ ድካም ነው። በአንጻሩ ሃምሳ ደንበኛ ብቻ ባለው ምርት ላይ ሦስት ሰዎች ሲጨመሩ «በ6 በመቶ አደግን» የሚል ግራፍ መሥራት ራስን ማታለል ነው። ከዚህም የሚከፋው፣ ቁጥር የተጠየቀውን ብቻ የሚመልስ መሆኑ መዘንጋቱ ነው። ኮካ ኮላ እ.ኤ.አ. በ1985 የመጠጡን ቅመም ሲቀይር ወደ 200,000 በሚጠጉ የቅምሻ ሙከራዎች ላይ ተመርኩዞ ነበር፤ አብዛኞቹ ቀማሾችም አዲሱን መርጠዋል። ሆኖም ሚያዝያ ላይ የወጣው አዲስ መጠጥ የሕዝብ ቁጣ አስነሥቶ፣ ኩባንያው ከ79 ቀናት በኋላ የቀድሞውን እንደሚመልስ አስታወቀ። ቀማሾቹ አልዋሹም። የመለሱት የትኛው እንደሚጣፍጥ እንጂ፣ የለመዱት ነገር ከእጃቸው ቢነጠቅ ምን እንደሚሰማቸው አልነበረም።

ይህን ሁለተኛውን ዓይነት ጥያቄ የሚያነሳው የመስክ ሰው ነው። ከተጠቃሚው ጎን የተቀመጠ ሰው፣ ኮምፒዩተሩ ላይ የተለጠፈችውን የማስታወሻ ወረቀትና ሠራተኛው «ሲስተሙን አላምነውም» ብሎ በጎን የሚይዘውን የኤክሴል ሠንጠረዥ ያያል፤ እነዚህ በየትኛውም ዳሽቦርድ ላይ አይወጡም። ድክመቱም የታወቀ ነው፤ መጨረሻ ያነጋገረው ደንበኛ የደንበኞች ሁሉ ወኪል ይሆንበታል።

ስለ ጽሑፍ ሲነሳ አማዞን ሳይጠቀስ አይታለፍም። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2004 በከፍተኛ አመራሩ ስብሰባዎች ስላይድ ማቅረብን አስቀርቶ፣ እስከ ስድስት ገጽ የሚደርስ ሐተታ እንዲጻፍና ተሰብሳቢው መጀመሪያ በጸጥታ እንዲያነብ አደረገ። አሠራሩ ጥቅም እንዳለው አልክድም። በነጥብ በነጥብ የተቆራረጠ ስላይድ «ስለዚህ» እና «ምክንያቱም» የሚሉትን ቃላት ሳይጠቀም ያልፋል፤ ሐተታ ግን ያለ እነርሱ አይቆምም። ይሁንና ያው ኩባንያ በ2014 ፋየር ፎን የተባለውን ስልክ አውጥቶ፣ በዚያው ዓመት ከስልኩ ጋር በተያያዘ ወደ 170 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ኪሳራ መዝግቧል። የስልኩ ተጠቃሚ ፊቱን ባንቀሳቀሰ ቁጥር ጥልቀት ያለው የሚመስለው ማሳያው ድንቅ የምህንድስና ሥራ ነበር፤ ገዢው ግን አልፈለገውም። በደንብ መጻፍ የሐሳብን ስንጥቅ የሚያሳየው ጸሐፊው ስንጥቁን ለማየት ሲፈልግ ብቻ ነው። ብዕሩ የሰላ ሰው መጥፎ ሐሳብንም አሳምሮ ማቆም ይችላል።

ይህን የምለው ራሴ ከጸሐፊዎቹ ወገን ስለሆንኩ ነው። አንድ ጊዜ ለሳምንታት የደከምኩበትን የአሥራ አራት ገጽ ሰነድ አንዲት መሐንዲስ በአንድ ጥያቄ አፈረሰችው፤ ያሰብኩት ነገር የሚመካበት መረጃ በየሌሊቱ እንደሚሰረዝ አላወቅሁም ነበር። ከመጻፌ በፊት አሥር ደቂቃ ባነጋግራት ይበቃ ነበር። ግን እንዲህም ሆኖ፣ ሥራውን ሁሉ በንግግር የሚጨርሱት ባልደረቦች እ.ኤ.አ. በ2001 አሥራ ሰባት የሶፍትዌር ባለሙያዎች ያወጡትን የአጃይል መግለጫ (ሶፍትዌርን በትንንሽ ደረጃ እየሠሩና እያስተካከሉ የመሄድን አካሄድ መርሆች) እንደ ጋሻ ሲያነሱት አልቀበላቸውም። መግለጫው የሚሠራ ሶፍትዌርን ከተሟላ ሰነድ ያስበልጣል እንጂ፣ ሰነድ ዋጋ የለውም አይልም፤ እንዲያውም ዋጋ እንዳለው በግልጽ ያስቀምጣል። በቃል ብቻ የተወሰነ ውሳኔ ከሦስት ወር በኋላ ሦስት ዓይነት ትርጉም ይዞ ይገኛል፣ ያኔ ያልነበረ አዲስ ሠራተኛም ምክንያቱን የሚያገኝበት የለም።

በተግባር ሲታይ ልዩነቱን የሚወስነው ስህተቱ ምን ያህል በቀላሉ ይታረማል የሚለው ነው። የአዝራር ቦታ ለመቀየር ሰነድ ማርቀቅ ጊዜ መብላት ነው፣ ነገ ይመለሳል። የክፍያ አወቃቀርን መለወጥ ወይም ሰዎች ለዓመታት ያከማቹትን መረጃ ወደ ሌላ ማዛወር ግን ተጽፎ፣ ተነቦና የተቃወመው ሰው ስሙ ተመዝግቦ መወሰን ይኖርበታል።

አስቸጋሪው ነገር፣ ድርጅቶች ሰው ሲገመግሙ ይህን ሁሉ የማያዩ መሆናቸው ነው። ለሥራ እድገት በሚቀርበው ማኅደር ውስጥ ሰነድ ይያያዛል፣ ግራፍ ይያያዛል፤ በጠዋት ንግግር የቀረ የሦስት ወር ከንቱ ሥራ ግን የሚያያዝ ወረቀት የለውም። ስለዚህ የሚታይ ሥራ የሚያመርቱት ይሾማሉ፣ አዲስ ሲቀጥሩም እነርሱን የሚመስለውን ሰው ይመርጣሉ፣ ጥቂት ዓመታት ሲያልፉ ቡድኑ በሙሉ አንድ ዓይነት ይሆናል። ገምጋሚዎች ማኅደሩን ከማገላበጣቸው በፊት መሐንዲሶቹን ቢጠይቁ እመርጣለሁ፦ ባለፈው ዓመት ልትሠሩት ተነሥታችሁ የተዋችሁት ምን ነበር፣ ያስተዋችሁስ ማን ነው?